ጄቱ እስኪያልፍ

ያደግኩት ቢሾፍቱ፣ የአየር ኃይሉ አጥር ሥር ነው። ጄት ሲነሳ መደማመጥ ስለማይቻል ቤታችን ያለ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ይጠብቃል፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

የእጮኛዬን የእንደሻውን ቤተሰብ ልተዋወቅ አሰላ ስሄድ፣ እናቱ እትዬ አፀደ "ልጄን ትወጂዋለሽ?" አሉኝ።

"እወደዋለሁ፤ ግን..." ስል ኮምባይነር በደጃፉ እያጓራ መጣ። እንደለመድኩት ዝም አልኩ። የእሳቸው ፊት ጠቆረ።

ማሽኑ ሲርቅ "...ወሬ ይበዛበታል" ብዬ ጨረስኩ።

"እሱማ የአባቱ ነው" ብለው እፎይ አሉ።

ይኸው አስራ አንድ ዓመታችን። በመኸር ኮምባይነር ሲያልፍ እኔና እሳቸው ዐይን ለዐይን እየተያየን ዝም ብለን እንጠብቃለን። እንደሻው ግን እየጮኸ ያወራል። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ የሰማው የለም፤ ድገመው ያለውም የለም።