ሽበት የማያውቅ ዘር

የመካኒሳ አቦው የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ከበበው በሁለት ነገር ይኮራ ነበር፤ ፆም ባለመግደፉና በዘሩ። ሰባት ቤት መቁጠር ከጀመረ ማንም አያስቆመው። መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በእኛ ዘር ወንድ አይሸብትም! አልጋ ይዞም ቤተሰብ አያስቸግርም። አባቴ ሰርግ ላይ እየጨፈረ፣ አያቴ ሞፈር እንደጨበጠ ነው ያረፉት!»

በዐቢይ ፆም አጋማሽ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ ጠጣ። ሲብስበት ሚስቱ ተሾመች እየጎተተች ሆስፒታል አደረሰችው። ከልቡ የደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ሽቦ አስገብተው ከፈቱለት። ዕድሜ ልኩን ስለተደፈነ ቧንቧ ለሰው ሲያስረዳ የኖረ ጉደኛ የራሱን አላወቀም።

ሐኪሟ ደሙ ውስጥ ስብ መብዛቱን ስትነግረው ተቆጣ። «ስብ? እኔኮ ሽሮ በል ነኝ፣ ዶክተር! ክትፎ የሚበላው ጎረቤቴ በኃይሉ ነው።» በኃይሉ ተመርምሮ ነፃ መባሉ ይበልጥ አንገበገበው።

«የእርስዎ ከምግብ ብቻ አይደለም» አለችው። «ሲወለዱ ጀምሮ ጉበትዎ ስቡን ከደም በደንብ አያነሳም። በዘር የሚወረስ ነው፤ ካለበት ወላጅ ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። አባትዎ በምን አረፉ?»

ከበበው ተኝቶም ቢሆን ኮራ ብሎ ሰርጉንና ሞፈሩን ተረከላት። «ሽበት እንኳ አልነበራቸውም!»

«ዕድሜያቸውስ?»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰባት ቤት የሚቆጥረው አፍ ዕድሜ ቆጥሮ አያውቅም። አባቱ አርባ ስድስት፣ አያቱ ከዚያም በታች ነበሩ። ለመሸበት ጊዜውን ከየት አምጥተው! መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ታናሽ ወንድሙ አምሐ ትዝ ሲለው ፈራ። አምሐ ዘንድሮ አርባ ስድስት ይሞላዋል።

የመጀመሪያው ኪኒን ጡንቻውን ስላሳመመው ሐኪሟ ቀየረችለት፤ መድኃኒት የሚስማማውም ሰው ከወላጆቹ እንደወረሰው ተፈጥሮ ነው አለችው። ዘሩ ኪኒን ውስጥ ሳይቀር መግባቱ አስገረመው። ደህና መራመድ እንደጀመረ ወንድሙ ዘንድ ፉሪ ሄደ። አምሐን ለቤቱ አጥር ብሎኬት ተሸክሞ አገኘው።

«ልመርመር? እኔ?» ሳቀ አምሐ። «ጋሼ፣ የእኛ ዘር አይታመምም እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፤ እኔው ደንቆሮው። እስቲ ንገረኝ፣ ከእኛ ቤት የሸበተ ወንድ አይተሃል?»

«አንድም!»

«ለምን ይመስልሃል?»

አምሐ እንደገና ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ብሎኬቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «መቼ ነው የምንሄደው?» አለ።

እሱም ያው ሆኖ ተገኘ። ኪኒኑን እያጉረመረመ ጀመረ፤ አርባ ስድስትንም አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ከበበው ሱቅ መጥቶ አገጩን ቀና አደረገ።

«ጋሼ፣ እየው።»

ጢሙ መሃል አንዲት ነጭ ፀጉር በቅላለች። ከበበው እንባው ዱብ ዱብ አለ። ግን አመል ነውና ወዲያው ወደ ደንበኞቹ ዞሮ ፎከረ፦ «ኑ እዩ! ከሰባት ቤት የመጀመሪያው ሽበት!»