የጎበዜ ጀርባ ዳነ

ጎበዜ እህል በረንዳ ጤፍ ተሸካሚ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኩንታል ሲጫንበት ኖሮ በሃያ ስምንት ዓመቱ እንደ ሽማግሌ ጎብጧል። ማታ ማታ ሚስቱ ሰገነት የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ጀርባውን ካልተኮሰችው እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ይኸው የሚያሰቃየው ጉብጠት ግን ነፍሱን አትርፎለታል። አምና ተሸካሚዎች ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመሉ ሐኪሙ ጀርባውን ጫን ጫን አድርጎ አየና፣ «ይሄ ለምን ይሆናል? ወደ ቤቱ ይሂድ» አለ። አብረውት የተሰለፉት ሁለት ተሸካሚዎች ሰሜን ዘምተው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰገነት ያንን ጀርባ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትሳሳለት።

ዘንድሮ ደግሞ የተሸካሚዎች ማኅበር አንድ ሰው መርጦ ላንጋኖ፣ የአካል ማጠንከሪያ ማረፊያ፣ ለሁለት ሳምንት እንዲልክ ታዘዘ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ጥጋቡ ከሁሉም የጎበጠውን መረጠ።

ላንጋኖ አንዲት የምሥራቅ ጀርመን መምህርት ምንጣፍ ላይ አንጋላ ፒላተስ የሚባል እንቅስቃሴ አስተማረችው። ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ አከርካሪህን ቀስ እያልህ ከመሬት አንሣ። ጎበዜ መጀመሪያ አፈረ፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተንጋሎ እግሩን ሲያነሣ! በአምስተኛው ቀን ግን ሳያቃስት አደረ። ለካ አጥንቱ አልተጣመመም፤ ጅማቱ ነበር የተኮማተረው። በመጨረሻው ቀን ሐይቁ ዳር የራሱን ጥላ አይቶ፣ «ረጅም ሰው ነኝ እንዴ?» አለና አለቀሰ። ምስኪን፣ ደስ ብሎት ነው።

ቤቱ ሲገባ ሰገነት አቀፈችው። እጇ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ግን ክው አለች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት።

«በማርያም፣ ነገ ስብሰባው ላይ ጎንበስ በል። ይሄ ልጅ አባት ይኑረው።»

«አንቺ ደግሞ! አሥራ ሦስት ዓመት የጎበጥሁ ሰው ጎንበስ ማለት ይጠፋኛል?»

በማኅበሩ ደንብ፣ ለሥልጠና የተላከ ሰው ያገኘውን ጥቅም ለጉባኤ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ጎበዜ በማግስቱ እንደ ድሮው ጎብጦ መድረክ ላይ ወጣ። አየሩ ጥሩ እንደሆነ፣ ምግቡም ደህና እንደሆነ ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ጓደኛው ቶላ ከኋላ፣ «ሥጋዬን በልቼ፣ ተኝቼ መጣሁ በላ! ጀርባህ እንደሆነ ያው ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጎበዜን ንዴት አነቀው። «ያው ነው?» አለና ጫማውን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ተንጋለለ። እግሮቹን ሰቀለ፣ ሆዱን ሳበ፣ እጁን ሳያስደግፍ ቀስ እያለ ተነሣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ቶላም አጨበጨበ።

«ሕመሙ ጠፍቷል! እንቅልፌ ተመልሷል! አሁን አንድ ኩንታል ሳይሆን ሁለት እሸከማለሁ!» አለ ጎበዜ፣ አገር ምድሩ የሱ ሆኖ።

ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ጓድ ጥጋቡ ነበር። ማኅበሩ ማቅረብ ያለበት የዚያ ወር የውትድርና ኮታ አንድ ሰው ጎድሎት ሰንብቷል። ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ሙሉ በሙሉ መዳኑን በራሱ አንደበት አረጋግጧል» አለ። ጎበዜ ያን ጊዜ ነው የነቃው፤ ጎንበስ ለማለት ሞከረ። ሰው እንደገና ሳቀበት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብም እስኪያልበው ጎበጠ። ሐኪሙ ማኅተም ያረፈበትን ቃለ ጉባኤ አነበበና፣ «ቀና በል» አለው። ቀና አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎበዜ ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ላይ ሊሳፈር ተሰለፈ። ሰገነት ሆዷን ይዛ ሰው እየገፋች ደረሰችበት። ከኋላው ሆና፣ ጨው ስትተኩስለት በኖረችው ቦታ ላይ፣ በሁለት ቡጢዋ ትደበድበው ጀመር።

«ጎንበስ በል! ጎንበስ በል አልኩህ እኮ!»

ጎበዜ ቢያመኝ ብሎ ጠበቀ። ምንም አላመመውም።