የሰው ሀብት አልነካም

«ፐርሶኔል» የሚለው አሮጌ ሰሌዳ ወርዶ «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚለው የተሰቀለ ዕለት፣ የወንበር ፋብሪካው ቫርኒሽ ቀቢ ብሩሹን እንደያዘ መጥቶ በሩ ፊት ቆመና ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው።

«የሰው ሀብት!» አለ። «የራሷን ሀብት ትታ የሰው ሀብት ልታስተዳድር ነው እንግዲህ! ወገን፣ ኪሳችሁን ጠብቁ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አዲሷ ኃላፊም ውስጥ ሆና ሰምታ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ሀብታሟ» ሆኖ ቀረ። ሀብታሟ ግን አንድ ጠረጴዛና በሩ አልዘጋም ብሎ ያስቸገረ ቁም ሳጥን እንጂ ሌላ ሀብት አልነበራትም። በእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ የማይዘጋ ቁም ሳጥን መኖሩን ቫርኒሽ ቀቢው እየደጋገመ ያነሳባት ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በመስኮቱ ወደ ግቢው እያዩ ነበር።

«የከተማው አዲስ አዳራሽ ወንበር የሚሠራው እኛ ጋ ነው፤ ሰምተሻል» አሉ። «እንጨቱ አለ፤ ማሽኑ አለ። ሰው ግን አይበረክትልኝም። መገጣጠሚያ ክፍል የገባ ሁሉ ሳይሰነብት ይወጣል። ወንፊት ሆነብኝ እኮ! እስከ ክረምቱ መግቢያ ሰው ካላቆምሽልኝ ክፍሉን ዘግቼ ሥራውን ውጭ ላሉ አናጺዎች እሰጣለሁ። አለቃውንም ሠራተኞቹንም አሰናብታለሁ። ዘመድሽ ስለሆነ ብዬ አልምርም።»

ኃላፊዋ «እሺ» ብላ ወጣች። የመገጣጠሚያ ክፍሉ አለቃ ታላቅ ወንድሟ ነበር።

አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። እሷ ትምህርት ቤት ስትመላለስ እሱ እዚሁ ፋብሪካ መላጊያ ይገፋ ነበር። እሱ «እታለም» ይላታል፤ እሷ «ጋሼ»። በእጅ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም። እሱ የገጠመውን እግር ከወንበሩ ለመንቀል ወንበሩን መስበር ያስፈልጋል ይባልለታል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ይህን አይተው ሊያከብሩት ፈለጉና አለቃ አደረጉት። ፋብሪካው ውስጥ ከፍ ማለት ለፈለገ ሰው ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ጎበዝ የሆነ ሁሉ አለቃ ይሆናል። ጋሼም ሽርጡን አውልቆ ነጭ ጋውን ለበሰ። ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

ኃላፊዋ የሚለቁትን ሠራተኞች አንድ በአንድ እየጠራች መጠየቅ ጀመረች። ለምን ትለቃለህ? «የግል ጉዳይ።» ደመወዙ አንሶህ ነው? «አይ፣ ደህና ነው።» ሰው በድሎህ ነው? «ማንም አልነካኝም።» ሁሉም ጫማቸውን ጫማቸውን እያዩ ይመልሱና ይወጣሉ። የግል ጉዳይ ተላላፊ በሽታ የሆነ መሰላት።

ተራው «ግንቡ» የሚሉት ትከሻ ሰፊ አናጺ ላይ ሲደርስ ጥያቄዋን ቀየረች።

«ከመልቀቅህ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ» አለችው። «አንተ የጨረስከው ወንበር የትኛው ነው?»

ግንቡ አንገቱን አከከ። «የጨረስኩት?»

«አዎ። ጀምረህ የጨረስከው።»

«እህቴ» አለ ቆይቶ፣ «እዚህ ቤት ጨርሼ አላውቅም።»

«እንዴት?»

«አምጣው ነዋ!»

«ማነው አምጣው?»

ግንቡ እንደ መሳቅ አለና መልሶ አፉን በመዳፉ ያዘ። ጆሮው ቀላ። «ተይው በቃ። አንቺ እህቱ ነሽ።»

ወዲያው ተነስታ ወደ መገጣጠሚያው ክፍል ወረደች። የእንጨት ብናኝ በመስኮቶቹ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። የተቆለሉ ሳንቃዎች ጀርባ ቆማ አየች። አንዱ ሠራተኛ መደገፊያውን ከመቀመጫው ጋር ለማያያዝ ኮላ ቀብቶ፣ አስተካክሎ፣ መዶሻውን አነሳ። ጋሼ ከወዲያ ማዶ አየው። ፊቱ የጥርስ ሕመም እንደያዘው ሰው ተኮማተረ።

«እንደሱ አይደለም! አምጣው!»

መዶሻውን ተቀበለው። ሁለት ጊዜ መታ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ አንዴ ደገመና ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሚያምር ሥራ ነበር። ሠራተኛው ግን ባዶ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ እንደ እንግዳ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ወደሚቀጥለው አለፈ። «አምጪው! እንጨቱን በሞርሳው እንዲህ አጥብቀሽ ነው የምትይዢው!» ከዚያም ወደሚቀጥለው። አይሳደብም፤ አይቆጣም። ከሁሉም እጅ ሥራውን ይወስዳል እንጂ። ሁሉን ሠርቶ ማንንም ሳያሠራ ይውላል፤ ክፍሉ ደግሞ ወደኋላ ይቀራል።

ለእሷም ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። ፋብሪካው አንድ አለቃ አገኘሁ ብሎ አንድ ባለሙያ አጥቷል። አለቃ ደግሞ አላገኘም።

እሑድ ቤቱ ሄደች። የወንድሟ ሚስት ድንች እየላጠች፣ ጋሼ አጠገቧ ተቀምጦ ቢላዋውን በዓይኑ እየተከተለ ነበር።

«ስጋው ከልጣጩ ጋር እየሄደ ነው» አላት። «አምጪው።»

«ይኸው!» አለች ሚስቱ ቢላዋውን እያስረከበችው። «አንቺ ሀብታሟ፣ አይተሻል አይደል? የምልጠው ድንች አጣሁ ብዬ ለማን አቤት ልበል?»

ኃላፊዋ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ፋብሪካ ውስጥ ስምህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አለቃ ነዋ።»

«አምጣው ነው የሚሉህ።»

ቢላዋው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ያሉትንም፣ ግንቡ ያላትንም፣ ከሳንቃው ጀርባ ያየችውንም ሳትቀባባ ነገረችው። ሚስቱ ድንቹን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች።

«ታዲያ እያበላሹ ዝም ብዬ ልይ?» አለ ጋሼ ድምፁ ሻክሮ። «ደግሞስ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ልታወርጂኝ? አንቺ? እኔን?»

«ጋሼ…»

«ጋሼ አትበይኝ! ጋውን ስለብስ ሰፈሩ አጨብጭቧል። ነገ በሽርጥ ስወጣ ምን ሊሉኝ ነው?»

እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ደብተሯን ይዛ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያመሸችባቸው ዓመታት ትዝ አሏት።

«ሒሳብ ስሠራ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር» አለችው። «ስሳሳት፣ ስሰርዝ፣ ሳለቅስ ታየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እርሳሱን አምጪው ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ምኑን አውቄው!» አለ ጋሼ። «ያ ቁጥር ለእኔ እንደ ጉንዳን መንጋ ነበር።»

«እሰይ ያላወቅከው! ብታውቀው ኖሮ እኔ ዛሬም ቁጥር አልችልም ነበር።»

ጋሼ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሳቁ አልቆም ብሎት ዓይኑን በክንዱ አበሰ። ከዚያ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በሰው እጅ ላይ ያለ ሥራ የሰው ሀብት ነው፣ ጋሼ» አለችው። «አንተ ደግሞ በሕይወትህ የሰው ሀብት ነክተህ አታውቅም።»

ጋሼ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «አለቃ ከሆንኩ ወዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «የእኔ ነው የምለው አንድ ወንበር አልሠራሁም፤ እጄ ይበላኛል እኮ፣ እታለም።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች። ያቀረበችው ሐሳብ አጭር ነበር። ፋብሪካው ሁለት መሰላል ይኑረው፤ አንዱ ሰው መምራት ለሚችል፣ ሌላው በእጁ ለሚራቀቅ። ወንድሟ አሁን ባለበት ደረጃ ላይ እንዳለ «ዋና የሞዴል ባለሙያ» ይሁን፤ አዲስ ወንበር ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ይሠራ። ክፍሉን ደግሞ «ቀስታ» ትምራው።

ቀስታ የማለስለሻ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣላት። አጠገቧ የተመደበ ሰው ግን ለቆ አያውቅም። ኃላፊዋ ይህን ከሰማች በኋላ ሄዳ ጆሮዋን ጥላ ነበር። አዲስ ገብ መጥቶ «ይኼ እንዴት ነው?» ሲላት፣ ቀስታ መልሳ «አንተ እንዴት ይመስልሃል?» ትለዋለች። ከዚያም እስኪሞክር ትጠብቀዋለች።

«ማንንም ሳያዝ የአለቃ ደረጃ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም!»

«የእሱን እጅ ማንም የለውም፤ እኛ ግን ሠራተኛ እያስቆጠርን እናውለዋለን።»

«ለወንድምሽ አዳላች ቢሉሽስ?»

«ጋውኑን ያስወለቅኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ማዳላት ከሆነ ይበሉኝ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩዋት። «እስከ ክረምት» አሉ። «ያልሆነ እንደሆነ ያንቺም ሰሌዳ ይወርዳል።»

ጋሼ በሽርጥ የገባ ዕለት ግቢው ጸጥ አለ። ቫርኒሽ ቀቢው ነው ዝምታውን የሰበረው። «አለቃ፣ ሽርጥ ሲለብሱ ወጣት ሆኑ እኮ! ለባለቤትዎ ልንገራት?» ጋሼ መላጊያ ሊወረውርበት ቃጣና ሳቀ። ጥግ ላይ በተሰጠው ጠረጴዛ የአዳራሹን ወንበር ሞዴል ሠራ። ሲያልቅ ሠራተኞቹ እንደ ሙሽራ ከበቡት፤ ገለበጡት፣ ዳሰሱት፣ ተቀመጡበት። ቀስታም «እያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱን ይሥራ፤ ሲጨርስም ከመቀመጫው ሥር ምልክቱን ያድርግበት» አለች። መጀመሪያ የወጡት ወንበሮች ሰካራም ይመስሉ ነበር። ቀስታ ወስዳ አላስተካከለችም፤ «ለምን የተንጋደደ ይመስልሃል?» እያለች ጠየቀች። ወንበሮቹ እያደር ቀጥ አሉ። ሰው መልቀቅ አቆመ። ግንቡም ወሬውን ሰምቶ፣ ሌላ ቦታ የጀመረውን ሥራ ትቶ ተመለሰ። ኃላፊዋ «ለምን ተመለስክ?» ብላ ስትጠይቀው «የግል ጉዳይ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

የመጀመሪያው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የመጨረሻው የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የግንቡ። አንዱ እግር ለመግባት እምቢ አለ። ሥራ አስኪያጁ መጡ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ግንቡ መታ፤ አልገባም። ላቡ ጠብ አለ።

ጋሼ ከጥጉ ተነስቶ መጣ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት። ቀኝ እጁ ወደ መዶሻው ተዘረጋ።

«አም…»

ሁሉም ዓይን እጁ ላይ አረፈ። ጋሼ የተዘረጋ እጁን አየ። ቀጥሎ እህቱን አየ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከትቶ ድምፁ ጣሪያው እስኪደርስ ጮኸ፦

«የሰው ሀብት አልነካም!»

ሳቁና ጭብጨባው የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። ግንቡ ቀና ብሎ ተነፈሰ፤ የወንበሩን እግር አውጥቶ ጫፉን ፋቅ አደረገና መልሶ ሰካው። አንዴ መታ። ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሄደው ተቀመጡበት፤ ግራና ቀኝ ተወዛወዙ፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ሰሌዳሽ ይቆይ» አሏት ኃላፊዋን፣ ሳይነሱ። «መሰላሉም ሁለት ይሁን። ለሁሉም ክፍል።»

ግንቡ ወንበሩን ገልብጦ ምልክቱን ከሥሩ አደረገበት፤ በራሱም ትከሻ ተሸክሞ ወደ መኪናው አወጣው። ሠራተኞቹ እልል እያሉ ተከተሉት።

ጋሼ እጆቹ አሁንም ኪሱ ውስጥ እንዳሉ ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ትንሽ በግራ በኩል ቢመታው ግን…»

«ዝም በል፣ ጋሼ!» አለችው፤ ክንዱን ይዛም መኪናው ሲወጣ ለማየት ጎተተችው።