ክብ ከነምርቃቱ

ሰው ልጁን ነርስ ያደርጋል፣ ኢንጂነር ያደርጋል። የእኔዋ ሩሀማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ድንጋይ ታጠናለች። የከበረ ድንጋይ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እሷ የምታጠናው፣ ጽሕፈት ያልነበራቸው የጥንት ሰዎች ሜዳ ላይ በክብ ያቆሙትን ተራ ድንጋይ ነው።

«ማሚ፣ ሜትር እኮ አልነበራቸውም፤ ግን ሁሉም ጋ ሴም መለኪያ ነበረ» ትለኛለች። አንድ ልክ በትር ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ሁሉም ክቡን በእሱ ይለካ ነበር ባይ ናት። ፕሮፌሰሯ ግን በወሬ የምታምን ሴት አይደለችም። ሐሳብሽን በተግባር ካሳየሽኝ በሰኔ ስኮትላንድ፣ እውነተኞቹ ድንጋዮች ዘንድ እወስድሻለሁ ብላታለች። ቦታው ያለው ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አብሬያት አጣሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እዚህ ውጭ አገር፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ተሰበሰብን። ለአጥር መጥቶ የተረፈ ድንጋይ ስለነበር በዚያ በኩል አልተቸገርንም። ሩሀማ ሁለት እኩል በትሮች ቆርጣ ለሁለት ቡድን ሰጠች። እያንዳንዱ ቡድን አምስት በትር የሚያህል ገመድ ይለካል፤ በየበትሩ ይቋጥራል፤ አንዱን ጫፍ ካስማ ላይ አስሮ፣ ሌላውን ወጥሮ እየዞረ ድንጋይ ይደረድራል። ሁለቱ ክቦች እኩል ከወጡ ሐሳቧ ሠራ ማለት ነው። አንዱን ቡድን የወጣቶች መሪው ዮናታን ያዘ፤ ሌላውን ጋሽ ሰብስቤ። እኔ ከጋሽ ሰብስቤ ጋር ነበርኩ።

ጋሽ ሰብስቤ ከሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር የሚመጡ፣ ጉልምስናቸውን በሙሉ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በትሩን ሲጨብጡ ፊታቸው በራ። ገመዱን እየሳቡ፣ እየለኩ፣ እየቋጠሩ፣ እኛንም እያዘዙ ክቡን ቶሎ ጨረሱት። እውነቱን ለመናገር ከነዮናታን ክብ ያምራል።

ሩሀማ የነዮናታንን ገመድ አምጥታ እኛ ክብ ውስጥ ዘረጋችው። ድንጋዩ ጋ አልደረሰም።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ በምንድነው የለኩት?»

«በሰጠሽኝ በትር ነዋ። በየጫፉ ደግሞ ምርቃቷን ጨመርኩ» አሉና አራት ጣታቸውን አሳዩዋት። ጨርቅ ሻጭ ለክቶ ሲያበቃ ጣል የሚያደርጋትን ትርፍ ማለታቸው ነው። «ልክ በልክ ይቆረጣል እንዴ? ሰው ቢያይ ቆጥቋጣ ይለኛል።»

«ግን እኮ ከስተመር የለም።»

«ባይኖርስ?»

ፕሮፌሰሯ ክቦቹን ልታይ መንገድ ላይ ናት። አንዱን ድንጋይ እየገፋሁ ወደ ውስጥ ማስጠጋት ጀመርኩ። «በሉ እናንተም እርዱኝ፣ ሳትደርስ እናስተካክለው» አልኩ።

«ማሚ፣ ስቶፕ። ፕሊስ እንዳትነኪው።»

ሜትሯን አውጥታ ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለችና የጋሽ ሰብስቤን ቋጠሮዎች ትለካ ገባች። እየለካች ፈገግ ትላለች። ልጄ በጭንቀት ለየላት ብዬ ደነገጥኩ።

ፕሮፌሰሯ ስትመጣ ሩሀማ ሁሉንም እንዳለ ነገረቻት። በእንግሊዝኛ ሲሆን አፏ ይፈታል። «ይህን ክብ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ባገኘው፣ ከመሃሉ እስከ ድንጋዩ ያለውን ለአምስት አካፍዬ የበትራቸው ልክ ይህ ነበር ብዬ እጽፍ ነበር» አለች። «ቋጠሮው ሁሉ እኩል ነው፤ ስህተት አይመስልም። ግን እንዲህ ያለ በትር ማንም ሰው ጨብጦ አያውቅም። ስለዚህ ከክቦቹ ተነስቼ በትሩን አገኘሁት ማለት አልችልም። ሐሳቤ አልሠራም።»

በገዛ አፏ ስኮትላንድን ሸኘቻት። ተናደድኩባት፤ ወዲያው ደግሞ ኮራሁባት፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቅሁም።

ፕሮፌሰሯ ክቡን ዞረችው። ጋሽ ሰብስቤ ጣታቸውን ገመዱ ላይ አድርገው እንዲያሳዩዋት ጠየቀች፤ የራሷንም ከጎን አኑራ አየች። ከዚያ ወደ ሩሀማ ዞራ፣ «በሰኔ ይህን ገመድ ይዘሽ ነው የምትመጪው» አለቻት። «እዚያ ያሉትን ክቦች ስንለካ፣ ስለ በትሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ጣቱም እንጠይቃለን።»

ልጄ ጋሽ ሰብስቤ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ።

ፕሮፌሰሯ ግን ገና ክቡን እያየች ነበር። ከሁሉም ወደ ውስጥ የገባች አንዲት ድንጋይ አየችና፣ «የዚችስ ምክንያቷ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ መለኪያ የላትም» አለች ሩሀማ። «እናቴ ናት።»

ጎንበስ አልኩና ድንጋይዋን ገፍቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት።