ከወገብ በታች ፈረስ

መሪጌታ ወልደ ማርያም ሰው መናቅ የማይሰለቻቸው ሰው ነበሩ። ቄሱን በዜማው፣ ዳኛውን በፍርዱ፣ ገበሬውን በወሬው ይንቁታል። አብልጠው የሚንቁት ግን ግራዝማች ደምሌን ነበር። ደምሌ ግራዝማችነቱን ያገኘው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በየበዓሉ ለሹም ቤት በሚነዳው ሰንጋ ነው። «ማዕረጉ ለበሬዎቹ ነበር የሚገባው፤ የሞቱት እነሱ ናቸው» ይላሉ መሪጌታ።

ምን ያደርጋል ታዲያ፣ በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለችውን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን አንስቶ ቆርቆሮ ያለበሳት ይኸው ደምሌ ነው። መሪጌታ ሦስት ዓመት ሙሉ የመቅደሷን ግድግዳ ሲስሉም የቀለባቸው እሱ ነው። የናቁትን ሰው እህል መብላት እንዴት እንደሚያንቅ የቀመሰው ያውቀዋል።

መሪጌታ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ይህ ግድግዳ የመጨረሻቸው እንደሆነ ልባቸው ነግሯቸዋል። በጋይንትም በስማዳም ብዙ ስለዋል፤ አንዱም ላይ ስማቸው የለም፤ የአሠሪው እንጂ የሠዓሊው ስም አይጻፍም እየተባሉ። አሁን የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር «ገብርኪ ወልደ ማርያም»፣ ባሪያሽ ወልደ ማርያም፣ ተብሎ እንዲጻፍና ከሞቱ በኋላ በጸሎት የሚያስባቸው ሰው እንዲያገኙ ነው። ግራዝማችም እሺ ብሎ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን ግራዝማች የትምህርት ቤቱን መምህር ካሣሁንን አስከትሎ መጣ። ልማዱ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሳላል። መሪጌታም ቦታውን ለቀውለታል። ግራዝማች ቦታውን አየና አፍንጫውን ነፋ።

«እንደ ዘቢብ በመሬት ላይ ልሰጣ ነው? ፈረስ ላይ ይሳሉኝ።»

መሪጌታ ሳቃቸውን ዋጡ። ይህ ሰው በጥምቀት ጉግስ ሕዝብ ፊት ከፈረስ ወድቆ ሱሪው ተተርትሮ የተነሣ ጊዜ፣ እስቴ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አላወራም። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጠው በቅሎ ላይ ነው፤ እሷንም ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይይዛታል።

«ሲቀመጡ ነው የምስልዎ ወይስ ሲወርዱ?» አሉት።

ካሣሁን ነገር ለማብረድ ይሁን እንጀራውን ለመጠበቅ እንጃ፣ ቶሎ ብሎ ከብብቱ ሥዕል ያለበት የፈረንጅ መጽሐፍ አወጣ። «መሪጌታ፣ ግራዝማች የወደዱት ይህን ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት ያለ ፍጡር ነው፤ ሴንታውር ይባላል። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ።»

«ሰውና ፈረሱ አንድ ከሆነ ማን ይጥለዋል?» አለ ግራዝማች። ይህን ያለው ከልቡ ነው።

መሪጌታ ገጹን ገለጡት። እዚያ ደግሞ ቀንድ ያበቀለ፣ እግሩ የፍየል የሆነ ሌላ አለ። «ይኸኛውስ የማን ዘመድ ነው?»

«እሱ ሳቲር ነው፤ ይተውት። ሲጠጣ፣ ዋሽንት ሲነፋና ሴት ሲያሳድድ የሚውል ባለጌ ነው። ከሴንታውሮቹ ግን የጀግኖችን ልጆች ያስተማረ ሊቅ ወጥቷል። የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።» ሴንታውሮቹም ሠርግ ቤት ሰክረው ሙሽራ ሊነጥቁ እንደተደባደቡ እዚያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ካሣሁን እሱን ዘለለው።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ» አሉ መሪጌታ። «ከመረጣችሁ አይቀር ግን እንደ ሃይማኖታችሁ ምረጡ። ፍየል ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ስለዚህ ይበላል። ፈረስ ሰኮናው ድፍን ነው፣ አያመሰኳም፤ ርኩስ ነው። ባለጌ የምትለው ከወገቡ በታች ንጹሕ ነው፤ ሊቅህ ግን ከወገቡ በታች ጥንብ ነው።»

«ወንጌሉ ፍየሎችን በግራ አቁሟቸው የለም እንዴ?» አለ ካሣሁን።

«ፍየሉማ ለፍርድ ተጠርቶ ነው በግራ የቆመው። ፈረስን ማን ጠራው?»

ካሣሁን ሳቁ አመለጠው። ግራዝማች ግን አልሳቀም። «ፈረሱን እፈልጋለሁ። ለኅዳር ጽዮን ይድረስልኝ። እምቢ ካሉ ከጎንደር ሌላ ሠዓሊ አስመጣለሁ፤ ከሥር የሚጻፈውም የሱ ስም ይሆናል» ብሎ ወጣ።

መሪጌታም በነጋታው ቀለም በጠበጡ። የሳሉት በፍርሃት አይደለም፤ ስማቸው እንዲጻፍ መጓጓታቸው አሳስቷቸው ነው። እጃቸው ፈረሱን ሲያወጣ በራሳቸው አፈሩ፤ ኋላ ግን አንድ ተንኮል መጣላቸውና ደስ አላቸው። በሠዓሊ ሕግ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። ደምሌን በጎን ሳሉት። ካባውን በወርቅ ቀለም፣ ጭራውን እስከ መሬት፣ ዓይኑን አንድ። «ይህ ደንቆሮ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሊታይ እንጂ ሊያይ አይደለም። ሕዝቡ ግን ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ልጅ የልጅ ልጁ ይስቅበታል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ከፈረሱ ሰኮና አጠገብ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ስማቸውን በቀይ ጻፉ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ታቦቷ ዑደቷን ጨርሳ ስትገባ ሥዕሉን የሸፈነው መጋረጃ ተነሣ። ግራዝማች ከሚስቱ ከወይዘሮ ሐረገ ወይን ጋር ፊት ለፊት ቆመ። «አፍንጫዬን አገኟት» አለ ደረቱን ነፍቶ። ቄሶቹ አንዷን ዓይን አዩና መሬት መሬት አዩ፤ እነሱም የሚበሉት የሱን እህል ነው። መሪጌታ አንድ ጥግ ቆመው የሕዝቡን ሳቅ ጠበቁ።

የሳቀ የለም። ከስማዳ በኩል የመጣች አበራሽ የምትባል እናት፣ ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ቀረበች። ሰገደችና የፈረሱን ሰኮና ሳመች። ከኋላዋ ያለችው አይታ ሳመች፤ ሦስተኛዋም። ወርቅ የለበሰ፣ ከማርያም አጠገብ የቆመ ነገር ሁሉ ለነሱ ቅዱስ ነው፤ የዓይኑን ቁጥር ማን ያያል? የመሪጌታ ያ ሁሉ ተንኮል ከራሳቸው በቀር ማንም ጋ አልደረሰም።

አበራሽ ቀና ብላ አየቻቸው። «የኔታ፣ ይህን ጻድቅ አላወቅኋቸውም። ልጄ ቢድንልኝ በስማቸው ዝክር እዘክራለሁ። ስማቸው ይኸ ከሥር የተጻፈው ነው?»

አጠገቧ የቆመ ዲያቆን ጎንበስ ብሎ አነበበላት። «ወልደ ማርያም ይላል።»

«ወልደ ማርያም» አለች አበራሽ፤ ጣቷን ጽሕፈቱ ላይ አድርጋ ሳመችው። «የፈረሱ ወልደ ማርያም፣ ልጄን ማርልኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ይኸው ደረሰላቸው፤ በጸሎት ስማቸው ተጠራ። መሪጌታ በሰው መሐል እየተጋፉ ቀረቡ። 

«የለም ልጄ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይህ ጻድቅ አይደለም። ግራዝማች ደምሌ ነው። ከወገቡ በታች ፈረስ ነው፣ ከወገቡ በላይም እንደ ይሁዳ አንድ ዓይና። የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ይጻፍልኝ ብዬ ከማርያም አጠገብ አውሬ ያቆምኩ እኔ ነኝ። ከሱ እኔ እብሳለሁ።»

ብዕር የሚቀርጹበትን ካራ ከቀሚሳቸው አወጡ። ተንበርክከው ስማቸውን ፊደል በፊደል ፋቁት፤ ከቀለሙ ሥር ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ነጭ ጨርቅ እስኪታይ ድረስ። «ስለትሽን ለእመቤታችን ተሳይ» አሏት። ያን ጊዜ ነው ከኋላ አንድ ሰው የሳቀው፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ። ግራዝማች ሳቁ ሳያልቅ ወጣ። መሪጌታ ግን ጠብቀውት የነበረው ያ ሳቅ ጭራሽ አልጣማቸውም።

በሦስተኛው ቀን ብሩሾቻቸውን በአገልግል ይዘው ወደ ታች ጋይንት ሄዱ። ፈረሱን ግራዝማች አላስጠፋውም፤ ቢያስጠፋው ማመን ይሆንበታል። ዛሬም እዚያው አለ፤ የሚስመው የለም።

የአበራሽ ልጅ ዳነ። በዓመቱ ለማርያም ዝክሯን ይዛ መጣችና ቄሱን «ያንን ሠዓሊም በጸሎት ያስቡልኝ» አለች።

«ስሙ ማን ነበር?» አሏት ቄሱ።

አበራሽ አሰበች፣ አሰበች፤ አልመጣላትም። «ስሙን የፋቀው ይበሉልኝ» አለቻቸው።