የካሰች መርዶ

«ማን አረዳሽ?» አሉ ወይዘሮ ሓዳስ፣ የካሰችን እጅ እንደያዙ።

ክርያት አታ ከተማ ያለው የፍትዊ ሳሎን በለቀስተኛ ሞልቷል። የፍትዊ ልብ በድንገት ቀጥ ካለ ወዲህ እህቱ ሓዳስ፣ ባለቤቱ ሊኦራና ልጁ ኖፊት በአይሁድ ወግ ሺቫ፣ የሰባት ቀን ሐዘን፣ ተቀምጠዋል። ካሰች ምን ትበል? በወጉ ቢሆን ሽማግሌ በማለዳ በሯን አንኳኩቶ፣ አስቀምጦ፣ ክንዷን አስይዞ ነበር የሚነግራት። ለእሷ ግን ማንም አልመጣም። መርዶ ለዘመድ ነው፤ እሷ ደግሞ ዘመድ አይደለችም።

«ግድግዳ ላይ አነበብኩት፣ እትዬ» አለች። «የማስታምማቸው አሮጊት ቤት እዚሁ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የሐዘን ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ።»

«ብቻሽን ቆመሽ?»

«አዎ። ከዚያ አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርኩ።»

ወይዘሮ ሓዳስ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሌላ ለቀስተኛ ሲገባ እጇን ለቀቁት። ሊኦራ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻትና ተመልሳ አቀረቀረች።

ድሮ ካሰችና ጓደኞቿ ሀዳር ሰፈር ውስጥ የሚዘፍኑ የሴቶች ቡድን ነበሩ። ፍትዊና ጓደኞቹ ደግሞ የክርያት አታ ቡድን። ሠርግ ስለሚሻሙ ዐይንና ናጫ ነበሩ። አንድ አስታራቂ ጎትጉቶ ጎትጉቶ አንድ የሶል ሙዚቃ ነጠላ ዜማ አብረው እንዲቀዱ አደረጋቸው፦ ጠያቂው ፍትዊ፣ መላሿ ካሰች፣ የቀሩት ተቀባይ። ማይክራፎኑ አንድ ብቻ ስለነበር ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ካሰች መግቢያዋን ደጋግማ ሳተችው።

«መቁጠሩን ተይው» አላት ፍትዊ። «እኔ ትንፋሽ ስስብ አንቺ ግቢ።»

ገባች። ትንፋሹ ቀረጻው ላይ ይሰማል። ቀጂው ሊያጠፋው ቢል ፍትዊ በጄ አላለም።

ዘፈኑ ያልተዘፈነበት ሠርግ አልነበረም፤ ሰውም ባልና ሚስት አድርጓቸው ዐረፈ። እሱ ግን ሊኦራን አገባ፤ እሷ ማንንም አላገባችም። ትወደው ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ትንፍሽ ሳትል። ቡድኖቹ ከተበተኑ በኋላ እንኳ ሰው ሲጠራቸው ሁለቱ መጥተው ይዘፍኑ ነበር። ሲጨርሱ እሱ ወደ ሚስቱና ልጁ፣ እሷ ወደ ሀዳር።

አሁን ካሰች በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሐዘን ቤቱ ትመጣለች። አዲስ የመጣ እንግዳ ሁሉ የቤቱ ረዳት እየመሰለችው ውሃ ያስቀዳታል፣ ወንበር ያስመጣታል። እሷም ትታዘዛለች፤ ቢያንስ ለመምጣቷ ምክንያት ይሆናታል።

አንድ ቀን ኖፊት አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «ካሰች፣ አባ መኪና ውስጥ ዘፈናችሁን ሁሌ ይከፍተው ነበር። ለእኔ ዓመት ሙሉ ሙዚቃ አሱር ነው፣ አይፈቀድልኝም። አንቺ ግን መስማት ትችያለሽ፣ ቤሰደር፣ እሺ? አንቺን የሚከለክልሽ የለም።»

ልጅቷ ለማጽናናት ነው የተናገረችው። ካሰችም «እሺ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ሀዳር ገብታ ስልኳን አወጣች፤ ዘፈኑን ግን አልከፈተችውም። ማንም ባይከለክላት ራሷን ከለከለች። ቤቷ ውስጥ አይዞሽ የሚላት ሰው አልነበረም።

ሐዘንተኞቹ ከሺቫ በተነሱ ማግስት በማለዳ በሯ ተንኳኳ። አንድ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ፣ ወይዘሮ ሓዳስና ሊኦራ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ምነው፣ በደኅና?» አለች።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ነገሩ ሲገባት ተቀመጠች። ሊኦራ ከጎኗ ሆና ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሊኦራ፣ እኔ እኮ ሰምቻለሁ።»

«አልሰማሽም» አለች ሊኦራ። «ግድግዳ ሰው አያረዳም።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካሰች ልጄ፣ ፍትዊ ዐርፏል።»

ካሰች ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።