ለክመር ድንጋይ የወለቀ ጫማ

ልጆቼ፣ ወጣቱ የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ የሚከልለውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ የሰበታን መንገድ በዘጋበት ታኅሣሥ፣ የመሬት ደላላው ጃለታ የገበሬዋን የአዴ ድንቅቱን ማሳ ሊያስለካ ለኪዎች ይዞ መጣ። ጤፋቸው አውድማው ላይ ተከምሮ ገና አልተወቃም። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ፣ ካምቦዲያ ገጠር የጎበኘውን የክመሮች ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ያሳያቸው ጀመር።

«ጭር ያለ አገር ነው፣ አዴ። ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት። ድንጋዩን መንካት እንኳ ክልክል ነው።»

አዴ ድንቅቱ እግሩን ገላመጡት። አባቱ ጫማ አውልቆ ይገባበት የነበረ አውድማ ላይ በጫማው ቆሟል።

«ለሰው አገር ድንጋይ አወለቅህ፤ በልተኸው ላደግኸው እህል ግን ከበደህ። በል ውጣልኝ» አሉት።

ጃለታ እየሳቀ ለኪዎቹን ጠራ። እነሱም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው አውድማው ዳር ቆመዋል። ሜትሩን ጠቅልለው፣ ደላላውን እዚያው ትተውት ሄዱ።